የሃጂን ሰርቨር ጀርመን ወስደን አዲስ አበባ የመለስንበት ጉዳይ

ድሬ ላይ ግንቦት ሲገባ ከሰዓት በኋላ ሰው ራሱ አይሰራም፣ ማሽን ደሞ እንዴት ይስራ። የድርጅቱ ሰርቨር (ፕሮግራሙና መረጃው ያለበት ዋናው ኮምፒውተር) ሚቀመጠው ደረጃ ስር ነበር፣ ድሮ መጥረጊያና ባልዲ ሚገባበት ጠባብ ቦታ፣ በሩ ላይ አንድ ቬንትሌተር በሽቦ ታስሮ ቀን ከሌት ይነፋበታል። 2015 ግንቦት አንድ ማክሰኞ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ድርግም አለ። አስነሳሁት፣ 20 ደቂቃ ሳይሞላው ደገመ። ሶስተኛው ላይ ከፈትኩትና የፕሮሰሰሩን ማራገቢያ ሳየው አቧራው ከመወፈሩ የተነሳ እንደ ጨርቅ በጣቴ ገፈፍኩት። እኔ ታች አቧራ ስገፍፍ ላይ ባንኮኒው ጋ 11 ሰው ቆሟል፣ አንድ የቆርቆሮ ደንበኛ "አቦ ደብተር የላችሁም እንዴ፣ ፃፉልኝና ልሂድ" እያለ ይጮሃል። ደብተርማ አለ፣ ግን ደብተር ላይ የተፃፈ ሽያጭ ማታ ሲስተም ላይ ሲገባ ሁሌም አንድ ሁለቱ ይዘለላል፣ ሚታወቀው መጋዘን ሲቆጠር ነው።

ድርጅቱን ልግለፀው፣ ስሙን ግን ልተወው። መጋላ ያለ የግንባታ እቃ አስመጪና አከፋፋይ ነው፣ ሴራሚክ ቀለም ቧንቧ ቆርቆሮ፣ እቃው በጅቡቲ ይገባል፣ መልካ ጀብዱ ትልቅ መጋዘን አላቸው፣ ሐረር አንድ ቅርንጫፍ፣ መርካቶ ሁለት ሰው ያለበት ቢሮ። ኮምፒውተር ላይ ሚቀመጡት 14 ሰዎች ናቸው። ባለቤቱን ሁሉም ሃጂ ነው ሚላቸው፣ እኔም እንደዛው ልበል። እኔ ቋሚ ሰራተኛ አይደለሁም፣ በወር እየተከፈለኝ ሲበላሽ ምጠራ ሰው ነኝ።

ሐረር ቅርንጫፍ የራሱ ኮምፒውተር ላይ የራሱ ዳታቤዝ ነበረው። የቀኑ ሽያጭ ማታ ፍላሽ ላይ ይገለበጥና ለሚኒባስ ሹፌር ይሰጣል፣ ሹፌሩ ድሬ ሲደርስ ለዘበኛው፣ ዘበኛው ጠዋት ለኛ። ሳቃችሁ አይደል? ለስድስት አመት ሰርቷል። ግን ሐረር ያለው ሻጭ ድሬ ስንት ካርቶን ሴራሚክ እንደቀረ ሚያውቀው በስልክ ጠይቆ ነው፣ ድሬ ያለው ደሞ ስልክ ካላነሳ ደንበኛው ሄደ ማለት ነው። ሃጂን ወደ ክላውድ፣ ማለትም የሌላ ድርጅት ሰርቨር ተከራይቶ በኢንተርኔት ወደመጠቀም፣ ያመጣቸው የሰርቨሩ መጥፋት ብቻ አይደለም፣ ይሄ ነው።

ያለውን ቆጠርኩ። ዋናው የሽያጭና የስቶክ ፕሮግራም ነው፣ በ2003 አንድ የድሬ ልጅ በቪቢ 6 (የድሮ የፕሮግራም መፃፊያ ቋንቋ) የፃፈው፣ ልጁ አሁን ካናዳ ነው። ዳታቤዙ ኤስኪውኤል ሰርቨር 2008 አርቱ ኤክስፕረስ፣ ማለትም ነፃው፣ ዊንዶውሱም የዛው ዘመን ሰርቨር 2008 አርቱ። ማይክሮሶፍት ለዳታቤዙ ድጋፍ ያቆመው በሐምሌ 2011 ነው፣ ለዊንዶውሱ በጥር 2012፣ ስለዚ እኛ ሶስት አራት አመት ያለ ሴኩሪቲ አፕዴት ስንነዳ ነበር። ሁለተኛው ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ነው፣ ሂሳብ ክፍል ያለሱ አይተነፍስም። ሶስተኛው የደሞዝ ኤክሴልና የጣት አሻራ መፈረሚያ ማሽን፣ ማሽኑ ከተገዛ ጀምሮ ማንም ሪፖርቱን አይቶት አያውቅም።

ጋርትነር ከሚባለው የቴክኖሎጂ አማካሪ ድርጅት ጀምሮ ክላውድ ሚያከራዩት አማዞንም ሌሎቹም ለዚህ አይነት ስራ ያወጡት ዝርዝር አለ፣ እንዳለ ማንሳት፣ ነካክቶ ማንሳት፣ እንደገና መፃፍ፣ ሌላ መግዛት፣ ባለበት መተው፣ መጣል ምናምን። ወረቀት ላይ ያምራል። እኛ ጋ ውሳኔው ግማሽ ሰዓት ነው የፈጀው፣ የአሻራ ማሽኑ ተጣለ፣ ኤክሴሉ ባለበት ቀረ፣ ፒችትሪ ደሞ በሩቅ ኔትወርክ ፋይሉን ሲከፍት ዳታ ሊያበላሽ ስለሚችል ለጊዜው አይነካም ተባለ፣ የሽያጩ ፕሮግራም እንዳለ ይነሳ። እንደገና ማስፃፍ? ዋጋ ጠየቅን፣ ሃጂ ቁጥሩን ሰምተው ሻያቸውን ጠጡ፣ መልስ አልሰጡም።

ለሃጂ ክላውድ ምን እንደሆነ ሳስረዳ የጠየቁኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው። "እና የኛ ነገር የት ነው ሚቀመጠው?" ጀርመን ፍራንክፈርት አልኳቸው። "ጎርፍ አይገባበትም?" ይሄ ለሌላ ሰው ቀልድ ሊመስል ይችላል። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሲሞላ ከ200 በላይ ሰው ነው የሞተው፣ የሃጂ የዛኔ ሱቅ ወንዙ ዳር ነበር፣ የ9 አመት የዱቤ መዝገብ በአንድ ሌሊት ሄደ፣ ማን ስንት እንዳለበት ያወቁት ባለእዳው ራሱ መጥቶ ሲነግራቸው ነው። ስንቱ መጣ ብዬ ጠየቅኳቸው፣ "ከግማሽ በላይ" አሉኝ። ስለዚ ባክአፕ ለምን እንደሚያስፈልግ ለኚህ ሰውዬ አላስተማርኩም።

ለምን ፍራንክፈርት ያላችሁ እንደሆነ፣ አማዞን በፈረንጆቹ ከ2020 ጀምሮ ኬፕታውን ላይ ሪጅን (የዳታ ሴንተር ጣቢያ) አለው፣ ማይክሮሶፍትም ደቡብ አፍሪካ አለው፣ ካርታ ላይ ስታየው ኬፕታውን የራሳችን አህጉር ነው። ኢንተርኔት ግን በካርታ አይሄድም። የኛ ትራፊክ ጅቡቲ ወርዶ በባህር ኬብል ነው ሚወጣው፣ ደርሶ መልሱን ከመጋላ ስለካው ፍራንክፈርት 140 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ፣ ኬፕታውን ከዛ ሚብስ እንጂ ሚሻል አልሆነም፣ ዋጋውም ይወደዳል። የመረጥነው አቅራቢ ከትልልቆቹ አንዱ ነው፣ ማን እንደሆነ ይቅር።

ከማንሳት በፊት ዳታቤዙን ሳየው 9.6 ጂቢ ደርሷል። ነፃው ኤስኪውኤል 10 ጂቢ ላይ ነው ሚቆመው፣ ከዛ በኋላ ሽያጭ መመዝገብ እምቢ ይላል፣ ማለትም አቧራው ባይገድለን ኖሮ ከሁለት ሶስት ወር በኋላ ይሄ ይገድለን ነበር። ምንድነው የሞላው ብዬ ቴብል በቴብል ሳይ 6.3 ጂቢው ፎቶ ነው! አንድ ሰው የጉምሩክ ዲክላራሲዮንና የደረሰኝ ስካን በሙሉ ዳታቤዙ ውስጥ እያስገባ ኖሯል። ፎቶውን ወደ ፎልደር አውጥቼ መንገዱን ብቻ ዳታቤዙ ላይ ተውኩት፣ 3.3 ጂቢ ቀረ፣ አዲሱም ነፃው ኤስኪውኤል 2019 በቃን። በነገራችን ላይ የ2008 አርቱ ባክአፕ 2019 ላይ ቀጥታ ሪስቶር ይሆናል (ተመልሶ ይጫናል)፣ መሃል ላይ ሌላ ቨርዥን አያስፈልግም፣ ኮምፓቲቢሊቲውን (እንደ ድሮው ቨርዥን እንዲሰራ ሚያደርገውን ሴቲንግ) 100 ላይ እንዳለ ነው የተውኩት ምክንያቱም ፕሮግራሙን መንካት አልፈለኩም።

ጥቅምት ላይ ለሙከራ ዳታቤዙን ብቻ ፍራንክፈርት አስቀመጥኩና የድሬውን ፕሮግራም በቪፒኤን (ኢንተርኔት ላይ በተቆለፈ የግል መስመር) ወደዛ አዞርኩት። የሽያጭ መስኮቱን ከፈትኩ። ነጭ ሆነ። ጠበቅኩ፣ ቡና አዘዝኩ፣ ቡናው መጣ፣ በሰዓት ስለካው 48 ሰከንድ። ይሄው መስኮት ደረጃ ስር ካለው ሰርቨር ጋ ሲሰራ አይን ሳትጨፍን ነው ሚከፈተው።

ምን እየላከ እንደሆነ ስከታተል አንድ መስኮት ለመክፈት 340 ኩዌሪ፣ ማለትም ለዳታቤዙ ጥያቄ፣ ይልካል። መጀመሪያ የእቃ ዝርዝር ያመጣል፣ ከዛ ለእያንዳንዱ እቃ "የዚህ ስቶክ ስንት ነው" እያለ አንድ በአንድ ይጠይቃል፣ መልሱ ሳይመጣ ቀጣዩን አይጠይቅም። ቤት ውስጥ ኔትወርክ አንዱ ጥያቄ ግማሽ ሚሊ ሰከንድ ነው ሚፈጀው፣ 340 ሲባዛ ምንም ነው። በ140 ሚሊ ሰከንድ አባዙት፣ 47 ሰከንድ ከምናምን ይመጣል፣ ቡናዬ ማለት ነው። ኢንተርኔቱን ፈጣን ብትገዛ አይለወጥም፣ ይሄ የስፋት ጉዳይ አይደለም የርቀት ጉዳይ ነው፣ ሁለት እጥፍ ከፍለህ 47ቱ 47 ነው። እኔ ራሱ እስከዛ ቀን ድረስ ለሰው "ኢንተርኔት አሻሽሉ" ስል ነበር ምመክረው።

መፍትሄው ፕሮግራሙንም ከዳታቤዙ ጎን መውሰድ ነው። ሁለቱም ፍራንክፈርት አንድ ማሽን ላይ ሆኑ፣ ሰራተኛው በሪሞት ዴስክቶፕ ይገባል፣ መንገድ ላይ ሚመላለሰው የስክሪን ምስልና የኪቦርድ ምት ብቻ ነው። መስኮቱ ወዲያው ተከፈተ፣ ፊደል ስትፅፍ ትንሽ ይዘገያል ግን ይለመዳል። ካሸሯ እትዬ ግን ሁለት ዴስክቶፕ መኖሩ አልገባትም፣ ፋይል አስቀምጣ ታጣዋለች፣ መጨረሻ ላይ ራሷ ስም አወጣችላቸው፣ "የድሬው ስክሪን" እና "የጀርመኑ ስክሪን"፣ በሁለት ቀን መስሪያ ቤቱ በሙሉ እንደዛ ማለት ጀመረ፣ እኔ ካዘጋጀሁት 12 ገፅ ማኑዋል የሷ ስም ይሻላል።

አሁን ደሞ ካሽ ሬጅስተር። የታክስ ደረሰኝ ሚያትመው ፊስካል ፕሪንተር ባንኮኒው ላይ ነው፣ በኬብል ከኮምፒውተሩ ጋ የተያያዘ፣ እሱን ክላውድ ላይ አትወስደውም። ፕሮግራሙ ጀርመን ሆኖ ድሬ ያለውን ፕሪንተር በሪሞት ዴስክቶፕ በኩል እንዲያዝ አደረኩት፣ ሰራ፣ ደስ አለኝ። በሶስተኛው ቀን ፕሮግራሙ "ፕሪንተሩ አልመለሰም" አለ፣ እትዬ ድጋሚ ተጫነች፣ ማሽኑ ግን የመጀመሪያውንም ሰምቶ ኖሯል፣ የ46 ሺ ብር ሴራሚክ ሁለት ደረሰኝ በሁለት ኤፍኤስ ቁጥር (የፊስካል ደረሰኝ ቁጥር) ወጣ። ፊስካል ደረሰኝ ወረቀት አይደለም፣ ማሽኑ ሚሞሪ ውስጥ ገብቷል፣ ቫቱም ተቆጥሯል። በሪፈንድ አወራረድነው፣ ሂሳብ ሹሟ ግን ለአንድ ሳምንት ሰላም አላለችኝም። ከዛ በኋላ ለየባንኮኒው ትንሽ ፕሮግራም ፃፍኩ፣ ከጀርመን ሚታተመውን ተራ በተራ ይወስዳል፣ እዚሁ ያትማል፣ የኤፍኤስ ቁጥሩን መልሶ ይልካል፣ አንዴ የታተመውን እንደገና ማተም እምቢ ይላል። ከጠቅላላው ስራ ብዙ እንቅልፍ የወሰደው ይሄ 200 መስመር ነው።

ዋናው ዝውውር አርብ ህዳር 14 2016 ሆነ። ሌሊት ነው ሚደረገው ይላል ሁሉም መመሪያ፣ ሌሊት ግን መብራት ቢጠፋ ማንን ትቀሰቅሳለህ። አርብ ድሬ ላይ 6 ሰዓት ሲሆን ጁምዓ ነው፣ ከዛ ምሳ፣ ከዛ እንቅልፍ ወይ በርጫ፣ ሱቁ እስከ 10 ሰዓት አይከፈትም፣ አራት ሰዓት ቀን በብርሃን አገኘሁ ማለት ነው። ባክአፑ ተጨምቆ 700 ሜጋ አካባቢ ነው፣ በሰቨን ዚፕ 14 ቦታ ቆራረጥኩት፣ ኔትወርክ ሲቆረጥ ከመጀመሪያው እንዳልጀምር። ሁለቴ ተቆረጠ። 9 ሰዓት ከሩብ ላይ ሪስቶር ሆኖ፣ የስቶክ ድምሩን ከድሮው ጋ አመሳክሬ፣ ከሐረር ሻጩ ደውሎ "የድሬን ስቶክ እያየሁት ነው ወላሂ" አለኝ። የሚኒባሱ ሹፌር የፍላሽ ስራውን አጣ።

ሰኞ ጠዋት ሌላ ነገር መጣ። ዱቤ ሰብሳቢው ልጅ ሊስት አትሞ መደወል ጀመረ፣ አንዱን ደንበኛ 199 ቀን አልፎብሃል ይለዋል፣ ሰውየው እቃውን የወሰደው ገና በሳምንቱ ነው። ሱቅ ድረስ መጣ፣ ተቆጣ፣ ደረሰኙን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። አየሁት፣ መክፈያ ቀን 05/12/2023 ይላል፣ ዲሴምበር 5 ነው። አዲሱ ዊንዶውስ ሲጫን በአሜሪካ ሴቲንግ ነው የሚመጣው፣ ወሩን ያስቀድማል፣ ስለዚ ሜይ 12 ብሎ አነበበው። ቪቢ 6 ደሞ ክፋቱ ቀኑ ከ12 በላይ ከሆነ ዝም ብሎ ገልብጦ በትክክል ያነበዋል፣ ስህተት አይልም፣ ስለዚ ግማሹ ሊስት ትክክል ግማሹ የእብድ። እኔ ደሞ አርብ የስቶክ ድምር እንጂ ቀን አላመሳከርኩም። ሪጅናል ሴቲንግ ቀይሬ በ2 ደቂቃ ተስተካከለ፣ ይቅርታ የተጠየቁት ሰዎች ግን 9 ናቸው፣ ሃጂ ራሳቸው ናቸው የደወሉላቸው፣ እኔን ምንም አላሉኝም፣ እሱ ነው የባሰው።

ኔትወርኩን በሚመለከት፣ ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ ኔትወርክ የከፈተው ድሬ ላይ ስለሆነ ሁለት አማራጭ ነበረን፣ ዋናው የቴሌ ፋይበር፣ ተጠባባቂው የሳፋሪኮም 4ጂ ራውተር። ጥር ላይ መንገድ ሚቆፍር ሰው ፋይበሩን ቆረጠው፣ ራውተሩ ራሱ ቀየረ፣ ለሁለት ቀን ማንም ልዩነቱን አላወቀም። ሪሞት ዴስክቶፕ ዳታ ብዙ አይበላም።

እስከ ሐምሌ ጥሩ ነበር። ሂሳቡ በወር 310 ዶላር አካባቢ ነው፣ በያኔው 57 ብር ስታባዛው ከ17 ሺ ትንሽ ይበልጣል፣ የሚከፈለው ጅቡቲ ባለ የሃጂ ዘመድ ካርድ ነው። ሐምሌ 22 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ለቀቀው፣ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፣ 120 ሲደርስ ያው 310 ዶላር 37 ሺ ብር ሆነ። ምንም አልተጨመረም፣ አንድ ሜጋባይት እንኳ። ከዛ በላዩ ላይ ህዳር 2017 የዘመድየው ካርድ ጊዜው አለቀ፣ ማስጠንቀቂያ ኢሜይሉ ሚሄደው ማንም ወደማያየው አካውንት ነው፣ እኔ ነኝ ያኔ ስከፍተው ያደረኩት፣ አንድ ጠዋት ማሽኑ ታግዶ ተገኘ። አዲስ ካርድ እስኪገባ አንድ ቀን ተኩል በደብተር ሸጥን። አዎ፣ በደብተር።

ያኔ ነው አዲስ አበባ ያሉትን ማየት የጀመርኩት። አይሲቲ ፓርክ ውስጥ እንደ ራክሲዮና ዊንጉ ያሉ ዳታ ሴንተሮች ተከፍተዋል፣ ቴሌም የራሱ ክላውድ አለው፣ በብር ነው ሚከፈለው፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁም 1321/2016 ወጥቶ የሰው መረጃ ወደ ውጭ ለማውጣት ሁኔታ አስቀምጧል፣ የደንበኛ መታወቂያና የደሞዝ ነገር ስላለ እሱም ገፋን። ጥር 2017 ላይ ማሽኑን በሙሉ አዲስ አበባ አመጣነው፣ ያኛው አምስት ወር የፈጀ ነገር ይሄኛው አንድ አርብ ፈጀ፣ ምክንያቱም ፕሮግራሙ ተነቅሎ አልቋል፣ ፕሪንተሩ ተለያይቷል፣ ፎቶው ወጥቷል። ፒንጉ (የደርሶ መልስ ጊዜው) ከ140 ወደ 18 ሚሊ ሰከንድ ወረደ። የወር ሂሳቡ ከጀርመኑ ግማሽ ገደማ ነው። ፒችትሪንም እዛው ማሽን ላይ ጫንነው፣ ሂሳብ ሹሟ አሁን ከቤቷም ትሰራለች፣ ሰላምም ትለኛለች። ባክአፕ በየሌሊቱ ሁለት ቦታ ይሄዳል፣ አንዱ ተቆልፎ ፍራንክፈርት ማስቀመጫ ላይ፣ በጥቂት ዶላር፣ ሁለተኛው ሐረር ያለች የድሮዋ ኮምፒውተር ላይ፣ ሐረር ቀዝቃዛ ስለሆነ እሷ አትሞትም። በወር አንዴ ሪስቶር አድርጌ አያለሁ፣ ቀኖቹንም ጭምር።

አንድ ሚቆጨኝ ነገር አለ። የካናዳው ልጅ ሶርስ ኮዱን በቴሌግራም የላከልኝ በ2017 የካቲት ነው፣ ጠይቄው አላውቅም ነበር፣ ማንም ጠይቆት አያውቅም። ያንን 340 ኩዌሪ ወደ 3 ለማውረድ 20 መስመር ነው የነካሁት፣ አንድ ማታ። ያንን በ2015 አድርጌው ቢሆን ሪሞት ዴስክቶፕ ላያስፈልግ ይችል ነበር፣ የ46 ሺው ደረሰኝም አይወጣም ነበር። ልጁ "ወንድሜ ያኔ እኮ ሁለተኛ አመት ተማሪ ነበርኩ" ብሎ ሳቀ።

ማሽኑ አዲስ አበባ ከገባ በኋላም ስሙ አልተቀየረም። እትዬ ኔትወርክ ሲዘገይ "ጀርመን ተኝቷል" ነው ምትለው፣ አዲስ ሰራተኛ ሲገባም "ጀርመን ፓስወርድ ስጡት" ይባላል። ሃጂ ጅግጅጋ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ሊከፍቱ ነው፣ ሱቁን አይተውታል ኪራዩም አልቋል፣ እኔ ቁልፍ ከመቀበላቸው በፊት ሁለቱንም ሲም፣ የቴሌንም የሳፋሪኮምንም፣ ይዤ ሄጄ ከዛ ባንኮኒ ላይ ፒንጉን ልለካ ነው፣ ሐሙስ በጠዋቱ መኪና።